ደህና ያላቸው ዘጠኝ ቤቶች

ሰዎች ቤት ከመግዛታቸው በፊት ጋሽ ጆሮን ይጠሩታል። ሲመጣ ግን ቶሎ አይገባም። ከመንገዱ ማዶ ይቆምና ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ጣሪያውን ያያል። ገዢው "ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ" ቢለው አይንቀሳቀስም። የጣሪያው ጠርዝ እንደ ተወጠረ ሲባጎ ቀጥ ብሎ ሄዷል ወይስ መሃሉ ላይ እንደ አሮጌ አልጋ ሰመጥ ብሏል? እሱን ሳያይ ደጃፉን አይረግጥም።

"ቤት ከሩቅ አይዋሽም" ይላል። "የሚዋሸው ሲጠጉት ነው። ሲጠጉት ቀለም አለው፣ መጋረጃ አለው፣ ባለቤት አለው።"

ከገባ በኋላ ከደረት ኪሱ አንዲት ብይ ያወጣል። ልጆች የሚጫወቱባት ዓይነት አረንጓዴ የብርጭቆ ብይ ናት። ወለሉ መሃል ላይ ያስቀምጣትና እጁን ቀስ አድርጎ ያነሳል። ብይዋ ባለችበት ከቆመች ራሱን ይነቀንቃል። ከተንከባለለች ደግሞ ቤቱን እንደምታስጎበኘው ሰው ዝም ብሎ ይከተላታል፤ የቆመችበት ጥግ ላይ ቁጢጥ ሲል ሁለቱም ጉልበቶቹ ይንቋቋሉ። ቀጥሎ በሮቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አናቱ በመላጊያ የተላገ በር ካየ ባለቤቱን "ይሄ በር ምን ሆኖ ነው የተላገው?" ብሎ ይጠይቃል። በር ዝም ብሎ አይረዝምም፤ ከላዩ ያለው ግንብ ወርዶበት ነው። አንድ ሰው በተላገ በር አናት ላይ የአንድን ቤት ሃያ ዓመት ማንበብ መቻሉ ይገርማል። እሱን ግን አይገርመውም። ደክሞታል።

መጨረሻ ላይ ያንኳኳል። በመሃል ጣቱ አንጓ፣ ከወለሉ ጀምሮ እጁ እስከደረሰበት፣ ስንዝር በስንዝር። ጠንካራ ግድግዳ ሲያንኳኩት አይመልስም። ጣትን ያማል እንጂ ድምፁ ጥ ብሎ እዚያው ይቀራል። ልስኑ ከግንቡ የለቀቀ ወይም ውስጡ የተከፈለ ግድግዳ ግን እንደ ባዶ በርሜል ዱም ብሎ ይመልሳል። ይህን ግንባታ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሱ ግን ሌላው የማይሰማውን ይሰማ ነበር። ፎርማን በነበረበት ዘመን አንድ ደህና የሚመስል ግድግዳ ላይ በጠመኔ ክብ አስምሮ "እዚህ ውስጥ ቧንቧ እያለቀሰ ነው" አለ። መሐንዲሱ ሳቀበት። ሲፈርስ ቧንቧው ተገኘ፤ ያለቅስ ነበር። ጆሮ የሚለው ቅጽል ያን ቀን ወጣለት፤ ሽበቱ ሲበዛ ጋሽ ተጨመረበት።

ፍርዱ አጭር ነው። ወይ "ደህና ነው" ይላል፣ ወይ "ይቅርባችሁ"። ድሮ ከአሥር ቤት ሰባቱን "ይቅርባችሁ" ይል ስለነበር ደላሎች ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ነበር። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ቤት አይቶ ዘጠኙን "ደህና ነው" አለ። ደላሎቹም ሰላምታ ጀመሩ።

"አሁን አሁን ሰው ደህና እየሠራ ነው" አላት አንድ ቀን ለሚስቱ፣ ምሳ ላይ።

"ማን?"

"ግንበኛው ነዋ። ድሮ ስታንኳኪው የሚጮኸው ነበር የሚበዛው። ዛሬ ዛሬ የማገኘው ሁሉ ዝም ያለ ግድግዳ ነው።"

"እኔም ዝም ያለ ባል ነው ያገኘሁት። ጨው አቀብለኝ ስልህ ሦስተኛዬ ነው።"

ጨዉን አቀበላት። ያን ሰሞን ልቡ ቀለል ብሎት ነበር። ስንቱን ዘመን የተሳደበው፣ ሲሚንቶ በአሸዋ እያሳሳ ስንቱን እንቅልፍ የነሳው ሙያ፣ እሱ ሳያስተውለው ተስተካክሎ ቢሆንስ? ወጣቶቹ ከሱ የተሻሉ ቢሆኑስ? እንዲህ ከሆነ ጉልበቱን ዘርግቶ መቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ሥራው ያለ እሱም ይቀጥላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትልቋ ልጁ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከሳምንቱ ቤቱ የሚያድረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። አሥራ ሁለት ዓመት በኪራይ ኖረዋል፤ አምስት አከራይ አይተዋል። ያሁኑ አከራይ ልጁን ሊድር ስለሆነ ክፍሎቹን ፈልጓቸዋል፤ የሰጣቸው ጊዜ አንድ ወር ነው።

"አባባ፣ አገኘን" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ሦስት ክፍል ናት። ትንሽ ግቢ አላት። የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ ማድረግ እችላለሁ።"

"ማን አየላችሁ?"

"ማን ያያል? አንተን እየጠበቅን ነው እንጂ። ባለቤትየዋ እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ ነው ያለችኝ፤ ሌላ ፈላጊ አለ። ባሌም በስልክ 'አባትሽ ደህና ነው ካሉ ፈርሚ፤ እኔ ሌላ አልጠይቅም' ብሎኛል።"

ጋሽ ጆሮ ጫማውን ፍለጋ ተነሳ። ሚስቱ ከጓሮ በኩል ገባች፣ እጇ እርጥብ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ያንን ቧንቧ መቼ ነው የምትሠራው? ሲንጠባጠብ አደረ።"

"የቱ ቧንቧ? ትናንት ቆልፌዋለሁ።"

"ቆልፌዋለሁ ይላል እንዴ። እሷን ጠይቃት። ትሰሚያለሽ አይደል?"

ልጁ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ "እየተንጠባጠበ ነው" አለች። እሱም አዳመጠ። ቤቱ ጸጥ ብሎበታል። ሚስቱ እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችውና መዳፉን ከቧንቧው ሥር አስቀመጠችለት። አንድ ቀዝቃዛ ጠብታ አረፈችበት። ቆይታ ሌላ መጣች።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለች ሚስቱ፣ እየሳቀች።

"ባልዲው ሞልቶ ነው ድምፅ የማይሰጠው" አለ እሱ። መዳፉን በሱሪው ጠርጎ ወጣ። ባልዲው ባዶ ነበር።

ቤቱ አውቶቡሱ ከሚዞርበት አደባባይ ኋላ፣ በጠባብ ኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። ደላላው በር ላይ ይጠብቃቸው ነበር፤ ሁለት ስልክ ይዟል፣ በሁለቱም ያወራል። ጋሽ ጆሮ እንደ ልማዱ ማዶ ቆመ። ጣሪያው ቀጥ ብሏል። በቀኝ ማዕዘን በኩል የአሸንዳው መውረጃ መሬት ሳይደርስ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን በአዲስ ሲሚንቶ ተለስኗል። አየው። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አንድ ሜትር ቱቦ ይቀጠልለታል ብሎ አለፈው።

"ጋሼ፣ ይህን ቤት እንኳን አንኳኩተው በመዶሻ ቢመቱት አይበገርም" አለ ደላላው። "እኔ የሸጥኩት ቤት ተሰንጥቆ አያውቅም።"

"አንተ የሸጥከውን ቤት ተመልሰህ አይተህ ታውቃለህ?"

"ምን ልሆን ብዬ?"

"እኮ።"

ሻጯ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እህቷ ጋ ልትገባ ስለሆነ ዕቃዋን ግማሹን በካርቶን አስራለች፤ የተረፈውን ምን እንደምታደርገው የማታውቅ ሰው ትመስላለች። "ይዩት፣ ቤት ለእንቦሳ" አለችና ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠች።

ብይዋ ሳሎኑ መሃል ቆመች፤ አልተንከባለለችም። ሴራሚኩ ግን አዲስ ነው፤ ወለል ሲነጠፍ ሁሉ ነገር ይስተካከላል። በሮቹ አልተላጉም። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ነጭ፣ ገና ጠረኑ ያልለቀቀው። ልጁ ተከትላው ገባችና ክንዷን ዘርግታ የግድግዳውን ርዝመት ለካች። ስድስት ክንድና አንድ ስንዝር።

"የልጆቹ አልጋ እዚህ ይገባል" አለች ለራሷ። "ራስጌው በዚህ በኩል፣ መስኮቱ በግርጌ።"

ጋሽ ጆሮ ማንኳኳት ጀመረ። ከበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ፣ ስንዝር በስንዝር። ጣቱን አመመው፤ ደግ ምልክት ነው። ግድግዳው ዝም አለ። ከመስኮቱ ሥር ወደ ማዕዘኑ ቀጠለ። ዝም። ወገቡ ደነዘዘ፤ ቀና አለ። ይቺን አንድ ቃል ተናግሮ ቢቀመጥ፣ ሻይ ቢሰጡት፣ ልጁም አሥራ ሁለት ዓመት የተሸከመችውን ዕቃ አንድ ቦታ ብታወርድ። ቃሉ አፉ ላይ ደርሷል።

"አባባ።"

"እ።"

"እዚያ ጋ ድገመው እስቲ። ከመስኮቱ ሥር።"

ደገመው።

"ይሄ አይደል እንዴ?"

"ምኑ?"

"ባዶው። ልጅ ሆኜ ኩሽናችን ግድግዳ ላይ እያንኳኳህ፣ 'ይሄ ሰው ያለበት ነው፣ ይሄ ባዶ ነው' እያልክ የምታጫውተኝ።" ጠጋ ብላ ራሷ አንኳኳች። ቅንድቧ ከፍ አለ። ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብላ አንኳኳች፤ ቅንድቧ ተመለሰ። እንደገና ወደ ግራ፤ እንደገና ከፍ አለ።

ጋሽ ጆሮ ግድግዳውን ትቶ ፊቷን ያይ ነበር። እሷ ያንኳኳችበት ቦታ ላይ አንኳኳ። ምንም የለም።

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አለ ደላላው ከበሩ። "ልብስ ሰፊ ናት ብለውኝ አልነበር? አርባ ዓመት የሠሩት እሳቸው እያሉ?"

ልጁ እጇን ከግድግዳው ላይ አነሳች። "ተሳስቼ ይሆናል" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበር። መሳሳቷን ፈልጋዋለች። አንድ ወር ነው የቀራቸው፤ የአልጋውም ቦታ ተለክቷል። አባቷ "ተሳስተሻል ልጄ" ቢላት እዚያው ትፈርማለች። ባሏም ሌላ አልጠይቅም ብሏል። አርባ ዓመት ከሠራ ሰው ጋር የሚከራከር ማንም የለም።

ጋሽ ጆሮ መዳፉን ተመለከተ። ጠዋት ጠብታዋ ያረፈችበት ነው። ባዶ ባልዲ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የወረደ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ጨው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ያገኛቸው ዝም ያሉ ግድግዳዎች አንድ በአንድ መጡበት፤ እሱ ደግሞ ሙያው ተስተካከለ ብሎ ተደስቶ ነበር። ለማይሰማ ሰው ቤት ሁሉ ጠንካራ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ስንት ቀን ከሰው ተሰውሮ ሊኖር ይችላል!

"አልተሳሳትሽም" አለ። "እኔ ነኝ የማልሰማው።"

የደላላው ስልክ ጠራ፤ አላነሳውም።

"እጅሽን አምጪ። አንኳኪ፣ አንቺ አንኳኪ።" እሱ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ከመስኮቱ ሥር ስታንኳኳ ቀለሙ መዳፉ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ በጣም ትንሽ፣ እንደ ታመመ ልጅ ደረት። ወደ ቀኝ ስትሄድ ቆመ። ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ተመለሰ። በእርሳሱ ነጥብ እያደረገ ተከተላት። ነጥቦቹ ሲያያዙ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ወለሉ ሰያፍ የሚወርድ መስመር ሆኑ፤ መስመሩ የሚያርፈው አሸንዳው ተቆርጦ የቀረበት ማዕዘን ላይ ነው።

"እመቤት፣ ግድግዳዎን አላፈርስም" አለ ሻጯን። "ቆጣሪውን አጥፍተውልኝ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ሶኬት ልፍታት። መልሼ አስራታለሁ።"

ሴትየዋ ተነስታ ቆጣሪውን አጠፋች። ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን አውጥቶ ሁለቱን ብሎን ፈታ፣ ሶኬቷን ወደ ፊት ሳባትና በባትሪ አበራ። ልስኑ ሁለት ጣት ይወፍራል። ከኋላው ብሎኬቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ስንጥቁ ውስጥ የታጠፈ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቅጥቆበታል። ጫፉን ያዝ አድርጎ ጎተተው። እርጥብ ነበር፤ አፈር አፈር ይሸታል።

"ውሃው ከጣሪያ እየወረደ ማዕዘኑን በልቶታል" አለ። "መሠረቱ ወርዷል። አሁንም እየወረደ ነው።"

"እኔም ስገዛው ቀለም ተቀብቶ ነው ያገኘሁት" አለች ሻጯ። ከረጢቱን ተቀብላ አየችው፤ የፋብሪካው ስም ግማሹ ይነበባል። "አልጋችን እዚህ ጋ ነበር፤ ባሌ ይቀዘቅዛል እያለ ሲያማርር ነበር የኖረው። እኔ ደግሞ ሰበብ ነው እለው ነበር።"

ጋሽ ጆሮ ሶኬቷን መልሶ አሰራት። ለአሸንዳው ስንት ሜትር ቱቦ እንደሚበቃ፣ ማዕዘኑን ከሥር እንዴት ቆፍረው እንደሚደግፉት፣ እስከዚያ ድረስ በዚያ በኩል እንዳትተኛ ነገራት። "ለሚገዛው ሰውም ይንገሩት" አለ። "ዋጋው ይቀንስ ይሆናል። ሰው ግን አይሞትበትም።" ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ደላላው ኮሪደሩ ውስጥ በአንደኛው ስልኩ "ቆይ፣ ልደውልልህ" ይል ነበር።

አባትና ልጅ አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የለካችበትን ክንዷን በሌላው እጇ ይዛዋለች።

"አዘንሽብኝ?" አላት። ከዚያ ጎኑን ቀይሮ፣ ግራ ጆሮው ወደ እሷ እንዲሆን ተቀመጠ። እሷም አየችው፤ ከዚህ በፊትም ሁሌ በዚያ ጎን እንደሚቀመጥ ያን ጊዜ ገባት።

"ደክሞኛል እንጂ አላዘንኩም" አለች። "እንደገና ደላላ። እንደገና መንገድ ለመንገድ። ልጆቹ ትናንት አልጋቸውን ለጓደኞቻቸው ሲያወሩ ነበር፤ ይብላኝ ለነሱ።"

"ጆሮህ ደክሟል ብላ እናትሽ ነግራኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ነው ያረጀው አልኳት።"

ልጁ ሳይታወቃት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እንጃ። ሁለት ዓመት ይሆናል።" ጣቶቹን ተራ በተራ ያጥፍ ጀመር። "ጡረታ የወጣችው ነርስ። መንታ የወለዱት። ጫማ ሰፊው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው፣ በሯ ሰማያዊ..." ቀኝ እጁ አለቀ፤ ግራውን ጀመረ።

"ምንድን ነው የምትቆጥረው?"

"ደህና ነው ያልኳቸውን። ዘጠኝ ናቸው።"

አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ሄደ። ሁለቱም አልተነሱም።

"አንዳንዶቹ በእርግጥም ደህና ይሆናሉ" አለች።

"ይሆናሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ግን አላውቅም።" ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። "ሄጄ መልሼ ማየት አለብኝ። እኔ መዳፍ አለኝ። አንኳኪ የለኝም። የራስሽ ጭንቀት ሳያንስሽ..."

"ሰው ግን ምን ይልሃል፣ አባባ? ጋሽ ጆሮ ደንቁሮ ነበር ቢሉህስ?"

"እውነታቸውን ነው።"

ልጁ መንገዱን አየች። እሁድ ቀን የምትሰፋው የሙሽራ ሚዜዎች ቀሚስ ነበራት፤ የምታየው ቤትም ነበራት። "የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት" አለች በመጨረሻ። "ግን ቀድመህ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ። ሰኞ። ቴሌቪዥኑን ይዘህ አይደለም።"

ሰኞ ሄደ። ሐኪሟ ቀኙ እንደማይመለስ፣ ግራውን በማዳመጫ ማገዝ እንደሚቻል ነገረችው፤ ለማዳመጫው ወረፋ አስያዘችው። ሚስቱ ውጭ ወንበር ላይ ጠብቃው በግራው በኩል ክንዱን ይዛ ተመለሱ።

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱ የነርሷ በር ላይ ቆሙ። እሱ ግን እዚህ ከመድረሳቸው በፊት ማዶ ቆሞ ጣሪያውን አይቶ ነበር፤ ዓይኑ አሁንም የራሱ ነው። ነርሷ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ የእጅ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከፈተች።

"ጋሼ፣ በሰላም ነው? ምነው፣ ያን ጊዜ ደህና ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ብዬሽ ነበር" አለ። "ለሱ ነው የመጣሁት።"

በጥቂት ቃል ነገራት። እሷም እንዳለ አዳመጠችው፤ የሰው ሕመም ሲነገራት እንደለመደች ነርስ፣ መሃል ላይ ሳትገባ። ከዚያ ከበሩ ዞር ብላ መንገድ ለቀቀችላቸው። "ቁርስ አልበላችሁም መሰለኝ" አለች። "አይ፣ መጀመሪያ ስሙልኝ። ሳልሰማ ምግብ አይወርድልኝም።"

ልጁ እጅጌዋን ሰበሰበች። አባቷ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ዓይኑን ግን አልጨፈነም፣ የልጁን ቅንድብ ያያል። ሳሎኑን ጨረሱ፤ ቅንድቧ አልተነሳም። ኩሽናውንም ጨረሱ። ነርሷ ፎጣዋን እያጣጠፈች ከኋላቸው ትከተላለች። ኮሪደሩ ላይ ልጁ አንድ ቦታ ቆም አለች፣ ደገመችው፣ ራሷን ነቀነቀችና አለፈች።

መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ጆሮ ትንፋሹን ሰብስቦ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። "አልጋውን ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ እናድርገው" አለ፣ ሦስቱም በአንድ በኩል ያዙት።